የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድንኳኑ ሲሞቅ እንጉዳዩን ምን ያድነዋል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ በቤቴ ትርፍ ክፍል ውስጥ ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 120፣ ቁመቱ 160 ሳንቲ ሜትር በሆነ ድንኳን ተራውን ግራጫ ኦይስተር እንጉዳይ አመርታለሁ። አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ጊዜ የሰበሰብኩት የመጀመሪያ ዙር ምርት በጣም አስደስቶኝ ነበር። ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ የድንኳኑ ቴርሞሜትር 29 እና 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳየኛል። ሙቀት እንዳይገባ ብዬ የአየር ማስገቢያዎቹን ዘግቻለሁ፤ የእርጥበት ማመንጫው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ በየሁለት ሰዓቱም በእጄ ውሃ እረጫለሁ፤ በረዶ የሠራባቸው የውሃ ጠርሙሶችም አስገባለሁ። ሙቀቱ ግን አልወርድ አለ። የሁለተኛው ዙር እንጉዳዮች እግራቸው ረዝሞ ቆባቸው ትንንሽ ሆነ፤ ጥቂቶቹም ላይ ቢጫ፣ የሚያሙለጨልጭ ነጠብጣብ ወጣ። በላይኛው መደርደሪያ ላይ በቅርቡ ዘር የጨመርኩባቸው ስድስት ከረጢቶች አሉና እነሱም እንዳይበላሹብኝ ሰግቻለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የዘረዘሯቸው ምልክቶች የተለያዩ ችግሮች ቢመስሉም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ድንኳኑ ታፍኗል። እንጉዳይ እንደ እኛው ኦክስጅን ስቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ አየር መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም ኦይስተር እግሩን ያስረዝማል፣ ቆቡን መዘርጋት ግን ይተዋል። ቢጫው ነጠብጣብ ደግሞ በቆቡ ላይ ያረፈ ውሃ ለሰዓታት ሳይደርቅ ሲቆይ ፕሴውዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች የሚያመጡት ጉዳት ነው። ሙቀቱ አልወርድ ያለበት ምክንያትም ከእነዚህ የተለየ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ረዘም አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ በሙቀት ጊዜ እንጉዳይ የሚያበቅል ሰው አብዛኛው ድካሙ በከንቱ የሚቀረው ይህን ባለማወቅ ነውና።

ውሃ አየርን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳይሆን፣ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀቱን ከአየሩ ላይ ስለሚወስድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይወስዳል፤ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ግን 334 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የተነነ አንድ ሊትር ውሃ የሰባት ኪሎ በረዶ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ውሃው የሚተነው ተኑን የሚቀበል ደረቅ አየር ካገኘ ብቻ ነው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ያለው አየር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው እርጥበቱ 95 ከመቶ ይደርስና ከዚያ በኋላ የሚረጩት ውሃ የሚሄድበት ያጣል፤ በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፣ በቆቦቹም ላይ ይቀመጣል፣ ከሙቀቱ ግን አንድ ዲግሪ እንኳ አይቀንስም። ማመንጫው ሲሠራ የሚበላው ኤሌክትሪክ ራሱ ተመልሶ ሙቀት ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ መክፈቱ እንዲያውም ጥቂት ይጨምራል። ስለዚህ ማስገቢያዎቹን በዘጉበት ሰዓት ውሃው የሚያቀዘቅዝበትን መንገድ አብረው ዘግተዋል ማለት ነው።

ታዲያ ልክፈታቸው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ መልሱ በዕለቱ አየር ድርቀት ላይ ይመሠረታልና በግምት ከመሄድ ይልቅ በራስዎ እጅ ቢለኩት እመርጣለሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ቴርሞሜትሮች ያዘጋጁ። የአንዱን ጫፍ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በፋሻ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅልለው፣ በክፍሉ ውስጥ ባደረ ውሃ ያርሱት። ሁለቱንም አየር ወደ ድንኳኑ በሚገባበት ቦታ ጎን ለጎን ይስቀሉና ትንሽ ፋን ያዙሩባቸው። የደረቁ ባለበት ሲቆም እርጥቡ ቀስ እያለ ይወርድና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንድ ቁጥር ላይ ይረጋል። ያ ቁጥር በዚያ ሰዓትና በዚያ አየር ውሃ ሊያደርስዎ የሚችለው የመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ የቱንም ያህል ውሃ ቢረጩ ከእሱ በታች አይወርዱም።

ለምሳሌ አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 30 ከመቶ ቢሆን እርጥቡ ቴርሞሜትር 22 ገደማ ላይ ይቆማል። አየሩ 30 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እርጥበቱ 80 ከመቶ ቢሆን ግን የሚቆመው 27 ላይ ነው። ደረቁን ቴርሞሜትር ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛው ቀን የቀለለ ይመስለዋል፤ ለእንጉዳዩ ግን የሚከፋው እሱ ነው።

እርጥቡ ቴርሞሜትር ከድንኳኑ የወቅቱ ሙቀት ብዙ ዝቅ ካለ ሳይፈሩ ይክፈቱ። የአየር ማውጫው ፋን ከላይ ሆኖ ይሳብ፤ አየሩ በታችኛው ማስገቢያ ይግባ፤ ከማስገቢያው ፊት ለፊት፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ ጫፉ በውሃ ሳፋ ውስጥ የተነከረ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይስቀሉ። ደረቁ አየር በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ቀዝቅዞና ረጥቦ ይገባል፤ የእርጥበት ማመንጫዎም የሚሠራበት ቦታ ያገኛል። ጨርቁን ግን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ቀቅለው ይጠቡት፤ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ የሚውል ጨርቅ ራሱ የሻጋታ መራቢያ ይሆናልና የሚገባውን አየር ሁሉ ይበክላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ደግሞ ከውሃ ብዙ አይጠብቁ። ማመንጫውን እርጥበቱን በ85 እና በ90 ከመቶ መካከል ለማቆየት ያህል ብቻ ይጠቀሙበት፣ የቀኑን አየር ልውውጥ እንጉዳዩ ለመተንፈስ ወደሚያስፈልገው ልክ ያውርዱ፣ የማቀዝቀዙንም ሥራ ለሌሊቱ ይተዉ።

ለመተንፈስ የሚያስፈልገው ልክ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። የእርስዎ ድንኳን የሚይዘው አየር ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ በሰዓት ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ቢለወጥ ለኦይስተር ይበቃዋል። በሰዓት 100 ኪዩቢክ ሜትር የሚስብ ትንሽ ፋን የድንኳኑን አየር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይለውጠዋልና በታይመር በየአሥር ደቂቃው አንድ ደቂቃ ማሠራት ይበቃል። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ግን መስኮቱን ከፍተው ፋኑን ያለማቋረጥ ያሠሩት። በድንኳኑ ወለል ላይ ክዳናቸው የተዘጋ የውሃ ጀሪካኖች ቢያስቀምጡ ሌሊት ቀዝቅዘው ቀን ሙቀቱን ይስባሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስድስት ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ተኩል በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ጋር እኩል ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ነው። የበረዶ ጠርሙሶቹን አልከለክልዎትም፤ ሆኖም አንድ ሊትር በረዶ ቀልጦ የሚያስወግደው ሙቀት 40 ዋት መብራት ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከሚያወጣው እንደማይበልጥ ይወቁት። በረዶውን የሚሠራው ፍሪጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ካለ ደግሞ ከጠርሙሱ የወሰደውን ሙቀት ከነትርፉ በጀርባው ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ስድስቱ ከረጢቶች ልምጣ። ከሁሉ አስቀድመው ዛሬውኑ እንዲያደርጉት የምለምንዎት እነሱን ከድንኳኑ ማውጣት ነው። ማይሲሊየም የሚባለው ነጭ ድር ገለባውን ወይም ሰጋቱራውን እየበላ ሲስፋፋ ሙቀት ያመነጫል፤ አዲስ ዘር የተጨመረበት ከረጢት እንደ ትንሽ ምድጃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የከረጢቱ መሃል ከአካባቢው አየር በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ከረጢቱ በወፈረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። እርስዎ የሚያነቡት ቴርሞሜትር በአየሩ ላይ የተሰቀለ ስለሆነ ይህን አያሳይዎትም። በአንድ ወቅት አሥራ ሁለት ከረጢቶችን በአንድ ካርቶን ውስጥ አጠጋግቼ አስቀምጬ ነበር፤ ክፍሉ 24 ዲግሪ ስለነበር ምንም ስጋት አልገባኝም። በአራተኛው ቀን እጄን በመካከላቸው ሳስገባ ከሰውነቴ ሙቀት የማይለይ ሙቀት ተሰማኝ፤ ቴርሞሜትር ሳስገባ 36 አነበብኩ። ዳር ዳር የነበሩት ዳኑ፤ መሃል የነበሩት ግን ድሩ ቢጫማ ፈሳሽ አውጥቶ ኮምጣጣ ሽታ ሸተቱና አንዳቸውም ፍሬ አልሰጡም። ያሳዘነኝ ነገር፣ አራት ጣት ያህል ቦታ በመካከላቸው ብተው ኖሮ አይሞቱም ነበር።

የኦይስተር ድር ከ30 ዲግሪ በላይ እየተዳከመ ይሄዳል፤ ከ35 በላይ ለሰዓታት ከቆየ ይጎዳል፤ 40 አካባቢ ከቆየ ይሞታል። እነዚህን ቁጥሮች ከአየሩ ሳይሆን ከከረጢቱ ጋር ያገናዝቡ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በሁለት ከረጢቶች መካከል አጣብቀው ወይም በአንዱ ጎን ላይ በጨርቅ ሸፍነው ይለኩ። ገና ድር በመያዝ ላይ ያሉት ከረጢቶች ብርሃንም ብዙ እርጥበትም አያስፈልጋቸውምና ፀሐይ በማያገኘው የቤቱ ክፍል፣ ወለሉ ላይ፣ አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር አራርቀው ይደርድሯቸው።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። የድንኳኑ ጨርቅ ስስ ስለሆነ ሙቀትን አይከላከልም፤ ውስጡ የሚያንጸባርቅ መሆኑም ለብርሃን እንጂ ለሙቀት ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ድንኳኑ የክፍሉን ሙቀት ይከተላል። የክፍሉን መስኮት ፀሐይ የሚመታው ከሆነ መከለያውን ከመስታወቱ ውጭ ያድርጉ፤ በውስጥ በኩል የተሰቀለ መጋረጃ የሚያስቆመው አንዴ የገባን ሙቀት ነው። መብራቱ በሌሊት እንዲበራና ቀን እንዲጠፋ ታይመሩን ይገልብጡት፤ እንጉዳይ ብርሃኑን በየትኛው ሰዓት እንዳገኘው አይለይም። የፋኑ ሞተር ከድንኳኑ ውጭ ይሁን። ከድንኳኑ የወጣውን አየር በቱቦ ወደ ውጭ ይምሩት፤ በክፍሉ ውስጥ ከተለቀቀ ያው ሙቀት ዞሮ ይገባል፤ ከዚህም በላይ ኦይስተር የሚበትነው ብዛት ያለው ዱቄት መሰል ዘር ሳንባን የሚያስቆጣ ነውና ሰው በሚተኛበት ወይም በሚቀመጥበት ክፍል ሊቆይ አይገባም። በእጅ የሚረጩትን ውሃ ወደ ግድግዳውና ወደ ወለሉ እንጂ ወደ ቆቦቹ አያድርጉት፤ ቆቡ ላይ ያረፈው ደግሞ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት። በሙቀት ጊዜ እንጉዳዩ ፈጥኖ ስለሚበስል የቆቡ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ፣ በማለዳ ይልቀሙት።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ኤሲ አለኝ። የቀዝቃዛውን አየር ቱቦ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ባስገባው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም ስለሚያወጣበት፣ ከቱቦው የሚወጣው ደረቅ ነፋስ ገና የበቀለውን እምቡጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። ደርቆ ጫፉ የጠቆረ እምቡጥ ደግሞ ውሃ ቢጠጣም አይመለስም። ኤሲው ክፍሉን ያቀዝቅዝ፤ ድንኳኑም ከክፍሉ አየር ይውሰድ። ክፍሉን በ20 ዲግሪ አካባቢ ካቆዩት፣ በኤሲው የደረቀው አየር የእርጥበት ማመንጫው ውሃ በደንብ እንዲተን ስለሚያደርገው ድንኳኑ ከክፍሉም በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ኤሲው ተንቀሳቃሽና ባለ አንድ ቱቦ ከሆነ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ እየገፋ በምትኩ የውጩን ሞቃት አየር በበርና በመስኮት ክፍተት እንደሚስብ ያስታውሱ። ማጣሪያውንም በየሳምንቱ ይጠቡ፤ የእንጉዳዩ ዱቄት ቶሎ ይደፍነዋል።

በዚህ አጋጣሚ፣ የእርጥበት መለኪያዎ ልክ መሆኑን ሳያረጋግጡ ውሳኔ አይወስኑ። ርካሾቹ መለኪያዎች ከ90 ከመቶ በላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። በትንሽ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርሰው፣ ጨው ሁሉ ሳይሟሟ እንደ እርጥብ አሸዋ ሲሆን ከመለኪያው ጋር በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ያሳድሩት። በውስጡ ያለው አየር 75 ከመቶ ላይ ይረጋል። መለኪያዎ 81 ካሳየ ስድስት እየቀነሱ ያንብቡ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በጣም ከሞቀው ሳምንት በኋላ በአንዱ ከረጢቴ ጎን ላይ የሳንቲም ያህል አረንጓዴ ነገር ታየ። ቆርጬ ባወጣው ይድናል?

መልስ፦ አረንጓዴው ትራይኮደርማ የተባለ ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ ሙቀት ይወዳል፤ በ25 እና በ30 ዲግሪ መካከል በፍጥነት ያድጋል፤ የእርስዎ እንጉዳይ በሙቀቱ በተዳከመበት ሰዓትም እሱ ይበረታል። መጀመሪያ ነጭ ስለሆነ ከእንጉዳዩ ድር አይለይም፤ አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩት ግን ዘሩን ለመበተን ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ከረጢቱን በድንኳኑ ውስጥ አይክፈቱት፣ አይቁረጡት፣ ውሃም አይርጩበት፤ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለው ጣል አድርገውበት ከቤት ያውጡት። ከረጢቱ አንድ ወይም ሁለት ዙር ፍሬ ሰጥቶ ከሆነ ብዙ አልጎደለብዎትምና ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ይግባ። ገና ያላፈራ ከሆነ ጥላ ባለበት ደጅ፣ ከሌሎቹ ርቆ ይቀመጥ፤ ጠንካራ የኦይስተር ድር አንዳንዴ ሻጋታውን አጥር ሠርቶ ያስቆመውና በሌላው ጎኑ ያፈራል። ቆርጦ ማውጣቱን የማልመክረው፣ ቢላው ከሚያወጣው ይልቅ በአየር ላይ የሚበትነው ስለሚበልጥ ነው።

ጥያቄ፦ በምኖርበት አካባቢ ሙቀቱ ለወራት ከ28 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ማቀዝቀዣ የመግዛት አቅም የለኝም። ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ ሥራውን ሳይሆን ዝርያውን ይለውጡ። ለአየሩ የሚስማማውን እንጉዳይ መምረጥ ከማንኛውም ማቀዝቀዣ የሚበልጥ መፍትሔ መሆኑን በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ተራው ግራጫ ኦይስተር ከ13 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አየር ጥሩ ፍሬ ይሰጣል፤ ከ25 ሲያልፍ እምቡጡ ያንሳል፣ ቆቡም ይሳሳል። ኪንግ ኦይስተር ከዚህም ይበልጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋልና ለእርስዎ አይሆንም። ሮዝ ኦይስተር ግን ከ20 እስከ 30፣ ወርቃማው ኦይስተርም በዚያው አካባቢ በደስታ ያፈራሉ። አየሩ 30ን የሚያልፍ ከሆነ ከ28 እስከ 35 ዲግሪ የሚስማማው የገለባ እንጉዳይ አለ፤ እንዲሁም ወፍራም ነጭ ግንድ ያለው የወተት እንጉዳይ በ30 እና በ35 መካከል ይበቅላል፤ ይህኛው ግን ድሩ ከያዘ በኋላ ከላይ የአፈር ሽፋን ይፈልጋል። ለጀማሪ በገለባ ላይ በቀላሉ የሚይዘውን ሮዙን እመርጣለሁ፤ ዘር በተጨመረ በሦስት ሳምንት ገደማ እምቡጥ ሊያሳይዎት ይችላል።

ሙቀት ወዳዶቹን ሲይዙ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የሮዝ ኦይስተርና የገለባ እንጉዳይ ዘር በፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሌላውን ዘር የሚያቆየው ቅዝቃዜ እነዚህን ይገድላቸዋልና እንደመጣ ወዲያው ይጠቀሙበት። ፍሬያቸውም ተለቅሞ ብዙ አይቆይም፤ ሮዙን በለቀሙበት ወይም በማግስቱ ያብስሉት፤ የገለባ እንጉዳዩን ደግሞ ቆቡ ሽፋኑን ቀዶ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና እንቁላል መስሎ ሳለ ለቅመው በዚያው ቀን ያብስሉት።